ዋሽንት በፖስታ

ጅማ ላይ የሙዚቃ ወሬ ከተነሳ አቦሉ ሳይጠጣ የሙላቱ አስታጥቄ ስም ይጠራል። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው። ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብሎ «የኛ ልጅ እኮ ነው» የማይል የከተማችን ሰው ብርቅ ነው። እኔም እላለሁ፤ እንግዳ ካለማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምለው። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ሳነሳ ግን አስቀድሜ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ስሙን ስጠራ ተማሪዎቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። «ዘፋኝ ናቸው?» ይላል አንዱ። ዘፋኝ አይደሉም። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የዜማ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ ተመራማሪ ነበሩ። እኔ የተማርኩበትን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያቋቋሙትና የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። (ሙላቱን አንተ፣ ፕሮፌሰሩን አንቱ የምለው ሙላቱ የአገሬ ልጅ ስለሆነ ነው፤ ቅር እንደማይለው ተስፋ አደርጋለሁ።)

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በወጣትነታቸው አሜሪካ ተሻግረው ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1962 ተመረቁ። ኢስትማን ማለት የኮዳክ ካሜራ ባለቤት ነው። ከፊልም ሽያጭ ያተረፈውን ገንዘብ አውጥቶ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያሠራ ሰው። የኛ ቡና ነጋዴዎችስ እንዲህ ያለ ነገር ቢያስቡ ምናለበት እያልኩ ቡና የሚነግድ ዘመዴን በየመኸሩ እጨቀጭቀዋለሁ፤ እሱም በየመኸሩ ይስቅብኛል።

ተመልሰው ሲመጡ የጠበቃቸው ሥራ ቀላል አልነበረም። እስከዚያ ድረስ በአገራችን ኖታ የሚያስተምረውና ባንድ የሚመራው በአብዛኛው የውጭ ሰው ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን አስመጥተው ነበር፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት ባንደኞች እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስንት ሙዚቀኛ ኮትኩቶ አሳድጓል። የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ የመራው ኮንቶሮቪች ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሰው ነበር። የእነዚህን ሰዎች ውለታ የሚያቃልል ከእኔ ጋር ይጣላል። ነገር ግን ገና 30 ዓመት ያልሞላው ኢትዮጵያዊ በ1963 የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አዲስ ነገር ነበር። ትምህርት ቤቱ በቅዱስ ያሬድ ስም ተሰየመ። ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ክራርና ማሲንቆ፣ ዋሽንትም የሚማሩበት ቤት ሆነ። በነገራችን ላይ ፕሮፌሰሩ ልብ ወለድም ጽፈዋል፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ በ1964 ታትሟል። ዳይሬክተርነቱ በምን ጊዜ ፋታ እንደሰጣቸው እንጃ።

ሥራዎቻቸው ውስጥ እኔን የያዘኝ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለው ነው። ለዋሽንት ሳይሆን ለፍሉትና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ነው። የብረቱ ፍሉት የእረኛውን ቦታ ይይዛል፤ ኦርኬስትራው ደግሞ አገሩን። በ1967 ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ይህን ሥራ ይዘው ሀንጋሪ ሄደው የሀንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መርተዋል።

ለምን ሀንጋሪ? ይህን ተማሪዎቼ አይጠይቁም፤ እኔ ግን ሳይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ። ሀንጋሪ የዞልታን ኮዳይና የቤላ ባርቶክ አገር ነች። ሁለቱ ሰዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የድምፅ መቅጃ ማሽን ተሸክመው መንደር ለመንደር እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ቀዱ፣ በኖታም ጻፉት። ቡዳፔስት ያሉ ምሁራን የሀንጋሪ ዘፈን ነው የሚሉት የከተማውን የመሸታ ቤት ዘፈን በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። የጥንቶቹን የገበሬ ዘፈኖች ሲመረምሩ ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ሆነው አገኟቸው። እንደኛው። ፕሮፌሰር አሸናፊ «ጥቁሩ ኮዳይ» የተባሉት ያለ ነገር አይደለም።

ስለ አምስቱ ድምፅ ሁለት ቃል ልበል፤ የሚያውቅ ይዝለለው። ፒያኖ ላይ ከአንዱ ዶ ተነስተን እስከሚቀጥለው ዶ ብንቆጥር ነጩም ጥቁሩም ተደምሮ 12 ቁልፍ አለ። የኛ ቅኝት ከእነዚህ አምስቱን ይመርጣል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብትሉ ትዝታ ነው፤ ፋና ሲ ገበታው ላይ የሉም። ከሚው ቦታ ግማሽ፣ ከላው ቦታ ግማሽ ዝቅ ብትሉ ያው ትዝታ ሆድ ማስባስ ይጀምራል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም የየራሳቸው አምስት አላቸው። አንቺ ሆዬ ላይ ከዶ ተነስቶ ወደ ሁለተኛው ድምፅ የሚኬደው መንገድ በጣም አጭር ነው፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሲደረስ ዘለግ ያለ ዝላይ አለ። ፈረንጅ ተማሪ መጀመሪያ ሲሰማው ፊቱን የሚያጨማድደው እዚያ ላይ ነው።

ይሄ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ጥርት ያለ ነው። ሜዳ ላይ ግን እንደዚያ ሆኖ አይገኝም።

ከያሬድ ስመረቅ የተመደብኩት ወደ አገሬ ነው፤ አጋሮ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት። አጋሮ ከጅማ በስተምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያው በሙሉ ቡና ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቡናው ሲቀላ ክፍሉ ይሳሳል፤ ኅዳር ላይ ከተማሪው ወንበሩ ይበዛል። ልጆቹ ለቀማ ላይ ናቸው። ያላቸው ወላጆችም ቢሆኑ ልጅ በመኸር ጊዜ ፊደል ሲቆጥር ማየት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ወደ እኔ ካልመጡ ብዬ እኔ ወደ እነሱ ሄድኩ።

ከተማሪዎቼ አንዱ ጀንፈል የተሰጣበትን የሽቦ አልጋ የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ሥራው ፍየል ማባረርና ደመና ሲመጣ ላስቲክ ማልበስ ነው። በቀረው ጊዜ ከሸምበቆ የቆረጠውን ዋሽንት ይነፋል። አራት ቀዳዳ ነበረው፤ በጋለ ብረት የተበሳ፣ አንዱ ቀዳዳ ዳር ዳሩ የተቃጠለ። ኦሮምኛ ሲያወራኝ ኡሉሌ ይለዋል፣ በአማርኛ ሲሆን ዋሽንት። ከአባቱ ወንድም የተማራትን አንዲት አጭር ዜማ ደጋግሞ ሲነፋ ቴፔን አውጥቼ ቀዳሁት።

ቤቴ ገብቼ ኪቦርድ ላይ ፈለግኳት። አራቱን ድምፅ ቶሎ አገኘሁ። አምስተኛው አልገኝ አለ። ሚን ስነካ ካሴቱ ከፍ ይላል፤ ፋን ስነካ ካሴቱ ዝቅ ይላል። ፒያኖ አይታችሁ ከሆነ በሚና በፋ መካከል ጥቁር ቁልፍ እንኳ የለም፤ ተጎራብተው የተቀመጡ ነጮች ናቸው። የልጁ ድምፅ ያለው እዚያ፣ ምንም በሌለበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ኖታ ወረቀት ላይም ያው ነው፤ መስመሩ አለ፣ በመስመሮቹ መካከል ክፍተቱ አለ፣ ሌላ ማረፊያ የለም። ሚ ይቀርባል ብዬ ሚ አልኩና ወረቀቱንና ካሴቱን በአንድ ፖስታ አሽጌ አዲስ አበባ ላሉት መምህሬ ላክሁ።

መልሳቸው የመጣው ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ነው። መምህሬ ደብዳቤ የሚጽፉት በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው፤ ሰላምታቸው ግማሽ ገጽ ይፈጃል፣ ቤተሰብ፣ ጤና፣ የቡናው ዋጋ ሁሉ ይጠየቃል። ከዚያ እንዲህ ይላሉ፦ «ካሴቱን ሆን ብዬ አላዳመጥኩም። አስቀድሜ ወረቀትህን ፒያኖ ላይ ተጫወትኩት። ደስ የሚል ዜማ ነው፤ የማን አገር እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። ከዚያ ካሴቱን ከፈትኩ። ልጄ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የላክህልኝ።» ወረቀቱንም መልሰውልኛል። በእያንዳንዷ ሚ ራስ ላይ በአረንጓዴው ቀለም ወደ ላይ የሚያሳይ ትንሽ ቀስት ተስሏል። «ከዚህ ትንሽ ከፍ» ለማለት የሙዚቃ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ምልክት ነው።

ደብዳቤያችን በዚች ቀስት ተጀምሮ ዓመታት ዘለቀ። እኔ ልጁ ራሱ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይነፋም ብዬ ጻፍኩ፤ ጠዋት በብርድ ሲነፋው ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ከሰዓት ሸምበቆው ሲሞቅ ይወጣል። የትኛውን ነው የምጽፈው? እሳቸው፦ «የልጁን ጆሮ ጻፍ፤ የአየሩን ጠባይ የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ይጻፉት።» በአንዱ ደብዳቤ ውስጥ የፕሮፌሰር አሸናፊን ጽሑፍ ፎቶኮፒ አድርገው ላኩልኝ። በ1977 በአንድ የአሜሪካ የሙዚቃ ጥናት መጽሔት የወጣ ስለ ክራር የተጻፈ ነው፤ ርዕሱ ላይ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ይለዋል። ስድብ አይደለም፤ በገና የዳዊት ሲባል ክራር የሰይጣን የሚባልበትን የኛኑ የቆየ እምነት መጥቀሳቸው ነው። ፕሮፌሰሩ የሰው ጆሮ ንቆ ያለፈውን ነገር ቁጭ ብለው ይለካሉ፣ ይስላሉ፣ ይዘረዝራሉ። ከዚያ በፊት በ1975 ስለ አዝማሪ ጽፈዋል፤ በ1980 ደግሞ ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ። የአዝማሪዎችን ሙዚቃ በቦታው ቀድተው አሜሪካ ውስጥ በሸክላ አስወጥተዋል።

መምህሬ የዲያቆን ልጅ ስለሆኑ ክርክሩን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። እኛኮ ኖታ ያጣን ሕዝብ አይደለንም አሉ። ድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚታዩት ደቃቅ ምልክቶች በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጇቸው ናቸው። ነገር ግን ምልክቱ ድምፁ የቱ ጋ እንደሆነ አይነግርህም። ምልክቱ ከአንድ ከምታውቀው ቃል የተቆረጠ ፊደል ነው፤ ያንን ቃል በግዕዝ፣ በዕዝል ወይም በአራራይ እንዴት እንደሚዜም ከመሪጌታ አፍ ተቀብለህ ካልያዝህ አሥር ጊዜ ብታየው ዝም ይልሃል። ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የፈረንጁ ኖታ ደግሞ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው፤ አይቶህ የማያውቅ፣ አገርህን የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ብቻ አንብቦ እንዲጫወት። ለዚህ ብሎ ብዙ ነገር ይጥላል። ልጅህ የነፋትን ስንጥቅ ድምፅ ይጥላል።

ፕሮፌሰር አሸናፊን የተረዳኋቸው ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ነው ብል ይቀርባል። «እረኛው ባለዋሽንት»ን የተጫወቱት ሀንጋሪያውያን የኢትዮጵያ እረኛ አይተው አያውቁም። የሚበላው እህልና የሚነዳው ከብት ምን እንደሚመስል አያውቁም። ፕሮፌሰሩ ምርጫ ነበራቸው፤ ወይ ድምፁ ሳይጎድል በእረኛው አፍ ይቅር፣ ወይ ጥቂት ጎድሎ ይሂድ። ላኩት። ጎድሎ መሄዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የጎደለውን ደግሞ በጽሑፍ ሲቆጥሩ ኖሩ። እኔ ልክ አደረጉ ባይ ነኝ። መምህሬ እስከ ዛሬ ግማሽ በግማሽ ነው የሚስማሙት።

ሌሎቹስ ምን አደረጉ? ሙላቱን እዩ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ ሙዚቃ ወሰደው። ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሌ፤ በ1966 ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያዎቹን አልበሞቹን አወጣ። አምስቱን ድምፅ ከላይ ዜማ አደረጋቸው፣ አሥራ ሁለቱን ከሥር አስማማቸው፣ ቫይብራፎን መታበትና ኢትዮ ጃዝ አለው። በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ ሙዚቃው ገባና የማያውቀው ዓለም አወቀው። በ2007 ሃርቫርድ ሲጋበዝ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ ክራሩን ራሱን ማሻሻል ነበር፤ በአምስት ድምፅ እንዳይወሰን። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ሲያስተካክሉ የኛ ልጅ መሣሪያውን አስተካከለ ማለት ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ ፒያኖ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው ምቱን እንደ ዜማ ቤት ሰው ልቅ አደረጉት፤ ስለ እሳቸው ሌላ ጊዜ ብቻውን መጻፍ ይገባል። ከኋለኞቹ ግርማ ይፍራሸዋ፣ ያሬድን ጨርሶ ሶፊያ የተማረው ፒያኒስት፣ በ2014 ባወጣው አልበም ውስጥ እረኛውንና ዋሽንቱን በፒያኖ ብቻ ያመጣቸዋል። ከብት ጠባቂው ልጅ የሙዚቃ ምሁሮቻችንን አልለቅ ማለቱ ይገርመኛል።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1968 ትምህርት ቤቱን ትተው እንደገና አሜሪካ ገቡ። ኮኔቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ጽፈው በ1971 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ዌስሊያን በዚያን ጊዜ የእስያንና የአፍሪካን ሙዚቃ ከባለሙያዎቹ እጅ የሚማሩበት ቦታ ነው። የጃፓኑን ኮቶ ያገኙት እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ኮቶ 13 አውታር አለው፤ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የሚንሸራተት መደገፊያ አለ፣ እሱን ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስታደርገው ድምፁ አንተ ባልከው ቦታ ይቆማል። ቅኝቶቹም ባለ አምስት ናቸው። ፕሮፌሰሩ ለኮቶ፣ ለፍሉት፣ ለክላርኔትና ለቫዮሊን «ኮቱራሲያ» የተባለ ሥራ ጻፉ። የኮቶውን ነገር ሳስብ ያ በሚና በፋ መካከል ያለው ስንጥቅ ትዝ ይለኛል። ኮቶ ላይ ስንጥቅ የለም፤ መደገፊያውን ትገፋለህ፣ አለቀ። የተማርኩት ክላርኔት ስለሆነ ቅናት ነገር ይዞኛል።

ከዚያ በኋላ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እዚያ የጥቁር አሜሪካውያንን ባህል ማዕከል መሩ። በ1982 የወጣው መጽሐፋቸው የአፍሪካን ድምፅና መሣሪያ፣ ውዝዋዜውንም ከጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ጋር ያገናኛል፤ ብዙ የአሜሪካ ተማሪ የአዝማሪን ነገር መጀመሪያ ያነበበው እዚያ ላይ ይሆናል። አገር ቤት ያቋቋሙት ትምህርት ቤት በበኩሉ ብዙ ነገር አይቷል። ከአብዮቱ በኋላ በገና መንፈሳዊ ነው ተብሎ ከትምህርቱ የወጣበት ጊዜ ነበር፤ የሚያስተምሩት ዓለሙ አጋ ነበሩ። የዳዊቱ ተባርሮ የሰይጣኑ ክራር ቀረ፤ መምህሬ ይህን ሲጽፉልኝ ከጎኑ የቃለ አጋኖ ምልክት ደርድረዋል። ፕሮፌሰሩ በ1998 ታላሃሲ ውስጥ አረፉ።

የ«እረኛው ባለዋሽንት»ን ሙሉ ኖታ ጅማ ላይ አላገኘሁም። የጠየቅኩት ቤተ መጻሕፍት «የመዝሙር መጽሐፍ ነው?» ብሎ ሌላ ክፍል ልኮኛል። ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ከጆሮዬ እየጻፍኩ ነው፤ ፍሉት ስለሌለን ክላርኔት ይይዘዋል። የእረኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ቀስት አደርግበታለሁ። ባለፈው አንዲት የማና ወረዳ ልጅ ቀስቷን አይታ «ቲቸር፣ ይቺን እንዴት ነው የምነፋት?» አለችኝ። ከንፈርሽን ጠበቅ አድርጊ አልኳት። አደረገች፤ በጣም ወጣ። ትንሽ ላላ። አሁን ወረደ። የጀንፈል ጠባቂውን የድሮ ካሴት ከስልኬ ከፈትኩላትና ዳግመኛ ሞከረች፤ በሦስተኛው ገባች። እንግዲህ ወረቀቱ ብቻውን አላስገባትም፤ ካሴቱም ብቻውን የቱ ጋ እንደምትጠብቅ አልነገራትም።

ያንን ልምምድ ቀድቼ በቴሌግራም ለመምህሬ ላክሁላቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ የልጅ ልጃቸው ናት ከፍታ የምታሰማቸው። መልስ በድምፅ መጣ፤ ሰላምታው እንደ ድሮው ረጅም ነው፣ የቡናውም ዋጋ ተጠይቋል። «ልጅቷን ሰማኋት፣ ጎበዝ ናት። ወረቀቱስ?» አሉ። ወረቀቱን ጅማ ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁ። ሁለት ቀስት ገልብጠውብኝ መልሰዋል። አንዱን ተቀብያለሁ፤ በሁለተኛው ገና እየተከራከርን ነው።